የኢየሩሳሌም ቅጥርና የዴር ሱልጣን ግድግዳ

ትንሣኤን በኢየሩሳሌም አክብረን ወደ አገራችን ለመመለስ አንዲት ቀን ስትቀረን፥ ጓደኞቼ ተሳላሚዎች መስቀልና ሻማ ሊገዙ ወደ ገበያ ወጡ፤ እኔ ግን አሮጌዪቱን ከተማ በእግሬ ልዞራት ወደድሁ። የምኖርባት ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. የተቈረቈረች ናትና ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ በጥቂት ዓመታት ብቻ ይበልጣል፤ ስለዚህ የጥንት ግንብ ለእኛ ብርቅ ነው።

ከተማዪቱን የሚከብባት ቅጥር ርዝመቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ያሠራው የቱርክ ሱልጣን ሱሌይማን ከ1537 እስከ 1541 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በኢዮጴ በር አጠገብ ግን ቅጥሩ ተቈርጦ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ይህም በ1898 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም በክብር እንዲገባ የተከፈተ ነው። በዚያው በር ላይ ቱርኮች የሰዓት ግንብ ሠርተው ነበር፤ እንግሊዞች ለከተማዪቱ መልክ አይስማማም ብለው በ1922 አነሡት። አስቀድሞም በ1918 ገዥው ሮናልድ ስቶርስ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማንም እንዳያፈርስ፥ እንዳይሠራ፥ እንዳያድስ አዝዞ ነበር። ሳይለወጥ ኖረ የምንለው ከተማ እንኳ ለካ ይህ ይኑር፥ ያ ይፍረስ የሚል መራጭ አለው!

ከዚያ ወደ ዴር ሱልጣን ወጣሁ። ይህ ገዳማችን የጌታችን መቃብር ባለበት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። በ1852 የቱርክ መንግሥት እያንዳንዱ ወገን የያዘውን ይዞ ይኑር ብሎ ስለ ወሰነ፥ በዚያ ስፍራ ያደሰ ሰው የባለቤትነት ክርክር እንዳነሣ ይቈጠራል። ከታላቁ በር በላይ ባለው መስኮት ሥር የቆመችውን የእንጨት መሰላል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ሁሉም ካልተስማሙ የሚያነሣት ስለሌለ፥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በዚያው ትታያለች።

ከመነኮሳቱ አንዱ ልስኑ የረገፈ ግድግዳ አሳዩኝ።

«አባቴ፥ ለምን አይለስኑትም?» አልኋቸው።

«መሪጌታ፥ እዚህ ጭቃ መለጠፍ ክስ ማንሣት ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ2018 የእስራኤል መንግሥት የአንዱን ጸሎት ቤት ጣሪያ ሊያሳድስ ቢነሣ፥ ይዞታው የእኛ ነው የሚሉ የግብፅ መነኮሳት በደጁ ቆመው ተቃወሙ፤ ያስነሣቸውም ፖሊስ ነው። እኛ በሐዋሳ የአባቶቻችንን ቤት በአንድ ቀን አፍርሰን ፎቅ ስንተክል የሚከሰን የለም። ይህንም አልወደውም፤ ነገር ግን ሽማግሌ መነኵሴ በሚያፈስስ ጣሪያ ሥር እንዲያድር የሚያስገድድ ጥበቃ፥ እንግዳ ቢያደንቀውም፥ ለነዋሪው ከባድ ነው።

በ1838 ወረርሽኝ በገባ ጊዜ መነኮሳታችን አልቀው የደጁ ቍልፍ ከእጃችን ወጣ፤ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። በጉባኤ ቤት ላደገ ሰው ከቍልፉ ይልቅ መጻሕፍቱ ያንገበግቡታል፤ ምን ቅኔ፥ ምን ትርጓሜ በዚያ እሳት እንደ ገባ ማን ያውቃል?

ስሰናበት እኒያን አባት ለአንድ ዓመት እንኳ ወደ አገር ገብተው ቢያርፉ ብዬ ለመንኋቸው። እርሳቸውም ወደ ጠባቡ የጎጆአቸው ደጅ እያመለከቱ፥ «ታዲያ እዚህ ማን ይተኛ?» አሉኝ።