ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። በሳይንስ ግን ተረቱ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። አንድ ማስረጃ ላቅርብ።

ካሮል ግራይደር በማንበብ ችግር (ዲስሌክሲያ) ምክንያት የመግቢያ ፈተና ውጤቷ ዝቅተኛ ስለነበር፣ ካመለከተችባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ አልተቀበሏትም። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። እዚያ ፕሮፌሰር ኤልዛቤት ብላክበርን ገና ለጀማሪዋ ከባዱን ሥራ አመኗት፦ ማንም አይቶት የማያውቅ ኢንዛይም ፍለጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮሞዞሞቻችን ጫፋቸው ላይ ቴሎሜር የሚባል መከላከያ አላቸው፤ የጫማ ክር እንዳይተረተር ጫፉ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ ማለት ነው። ሴል በተከፈለ ቁጥር ይህ ጫፍ ያጥራል። ታዲያ ምን ይተካዋል? እ.ኤ.አ. በ1984፣ በፈረንጆቹ የገና ዕለት፣ የ23 ዓመቷ ግራይደር ቤተ ሙከራ ገብታ መልሱን አየች። ኢንዛይሙ በኋላ ቴሎመሬዝ ተባለ። በ1985 ጥናቱ ሲታተም የተማሪዋ ስም ከመምህሯ ስም ቀደመ። በ1990 ግራይደርና ባልደረቦቿ የሰው ሴል ሲያረጅ ቴሎሜሩ እንደሚያጥር አሳዩ። በ2009 መምህርና ተማሪ ከጃክ ሾስታክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ይህ እኛን ምን አገባን? አያቴን ይዤ ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «እርጅና ነው»። ጉልበቷም፣ መርሳቷም፣ መውደቋም በዚህች ቃል ይዘጋል። ቃሏን ከፍቶ «እርጅና ራሱ ምንድን ነው?» የሚል ተመራማሪ ያስፈልገናል። አገራችን ዛሬ የወጣት አገር ናት፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያረጀው ግን ይኸው ወጣት ነው። የእርጅና ጥናት ዓመታት ይፈጃል፤ አጥኚው መሠልጠን ያለበት አሁን ነው።

በሥራዬ ከማገኛቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከመሣሪያ እጥረት እኩል የሚያማርሩት አማካሪያቸውን ነው፦ ረቂቃቸውን ለወራት ሳያነብ የሚያስቀምጥ፣ ሲታተም ግን ስሙ እንዲቀድም የሚፈልግ። መሣሪያ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ረቂቅ ማንበብ፣ ከባድ ጥያቄ ለወጣት ማመን፣ ስምን ወደ ኋላ ማድረግ ግን ሳንቲም አይጠይቅም።

ታላቅን ማክበር የምናውቅበት ባህል ነው። ታላቁም ለታናሹ ቦታ ይልቀቅ። አማካሪ የሆናችሁ የቻናሉ ተከታታዮች፣ ጠረጴዛችሁ ላይ የከረመ የተማሪ ረቂቅ ካለ ዛሬ ማታ አንብቡት።