የጨው ማይክ እና ቻነል 19

ሰውየው ማይኩን የገዛው በ40 ዶላር ነው። ዴንቨር አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ፣ በዛጉ መፍቻዎችና በተሰነጠቁ የሸክላ ማጫወቻዎች መካከል፣ ክብ ራሱ እንደ ከረሜላ በዘንግ ላይ የተሰካ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ቆሞ አየ። አነሳው። ከበደው። ወዲያው ዋጋ ጠየቀ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ደሴ ተወልዶ አድጎ አሜሪካ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ትራኩን በብድር ገዝቶ ለራሱ ይነዳል። ልጅ ሳለ ግን ከትምህርት ቤት መልስ የሚውለው ሬዲዮ ጥገና ቤት ነበር። ጋሼ እያለ የሚጠራው ሠሪ ካውያ ማጋል፣ ስታኞ ማቅለጥ፣ በቴስተር የተበጠሰ ሽቦ መፈለግ አስተምሮታል። ዛሬም ስታኞ ሲሸተው ደሴ ትመጣበታለች። ስለዚህ አሮጌ ማይክ አይቶ ማለፍ አልቻለም።

የማይኩ ስም አስታቲክ ዲ-104 ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ወጥቶ ለአሥርት ዓመታት የተመረተ የኦሃዮ ዕቃ ነው፤ መጀመሪያ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች፣ ኋላ ደግሞ የሲቢ ሬዲዮ ሰዎች ወደዱት። ቅርጹን አይተው «ሎሊፖፕ» ይሉታል።

ሲቢ ለማያውቅ ሰው፦ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ፣ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት የተፈቀደ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ነው። ዛሬ ፈቃድ እንኳ አይጠየቅበትም፤ ያ ከ1983 ጀምሮ ቀርቷል። ጉልበቱ 4 ዋት ብቻ ስለሆነ መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ገኖ የወጣው በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። ነዳጅ ጠፋ፣ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት ወደ 55 ማይል ወረደ፣ የአሜሪካ ሹፌሮች ነዳጅ ያለበትን ማደያና ፖሊስ የቆመበትን ቦታ በሬዲዮ መነጋገር ጀመሩ። (ያው የነዳጅ ዋጋ ነው አዲስ አበባ ላይ በየካቲት 1966 ታክሲዎቹን ያስቆማቸው። ከዚያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።) እነዚያ ሹፌሮች በአየር ላይ በስማቸው አይጠሩም ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን መጠሪያ ያወጣል። የእኛ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ የፈረስ ስም ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እንደሚባለው። የፕሬዝዳንት ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ እንኳ «ፈርስት ማማ» የሚል ነበራቸው። የደሴው ሰው መጠሪያ «ቡና» ነው።

አሁን ሲቢ ያለው ሹፌር ቀንሷል። ሐበሻ ሹፌሮች ዘንድማ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ጆሮ ላይ የምትንጠለጠለው ማዳመጫ አለች፤ አንዱ አትላንታ፣ አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ሲያትል ሆኖ በቡድን ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ፖለቲካ፣ ሎድ፣ የልጅ ነገር ይወራል። ይህ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከእንቅልፍና ከብቸኝነት ያተረፈ ወግ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው። ዳላስ ያለው ወንድም ፊት ለፊትህ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የተገለበጠውን ትራክ አያየውም። እሱን የሚያየው የማታውቀው፣ ምናልባትም የማይወድህ ሰው ነው፤ የሚናገረውም በቻነል 19 ነው።

ሰውየው ይህን አምኖ ሲቢ አስገጥሟል። ማይኩንም የገዛው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በፋብሪካው ማይክ ሲናገር ደጋግመው «ምን አልክ?» ይሉት ነበርና ድምፁ ይጠራ እንደሆነ ብሎ።

ገመድ የማገናኘቱ ሥራ ሁለት ምሽት ፈጀ። ከማይኩ የሚወጣው ገመድ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ አለ፤ የሬዲዮው መሰኪያ ግን አራት እግር ብቻ። በእሱ ሬዲዮ አንደኛው እግር መሬት ነው፣ ሁለተኛው ድምፅ፣ ሦስተኛው መላኪያ፣ አራተኛው መቀበያ። የሽቦ ቀለም አያምንም፤ ጋሼ ያስተማረው ነው፣ ካንተ በፊት ማን እንደነካካው አታውቅም። ቴስተሩን ጢጢ በሚለው ላይ አድርጎ፣ የማይኩን መጭመቂያ እየጫነና እየለቀቀ፣ የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በወረቀት ጻፈ። መጀመሪያ የመቀበያውን ሽቦ ትርፍ መስሎት ተወው። ሬዲዮው ጸጥ አለ። አቃጠልኩት ብሎ ደነገጠ። ኋላ ነው የገባው፤ እንዲህ ያለው ሬዲዮ የሌላውን ድምፅ ለማሰማት እንኳ በማይኩ ማብሪያ በኩል መገናኘት አለበት። ማይክህ ካልፈቀደ ጆሮህም አይሠራም። ያንን አስተካክሎ በስታኞ አሰረውና ትራክ ስቶፕ ውስጥ ሞከረው።

«ትሰማለህ፣ ግን ከሩቅ ነህ» አለው አንዱ። ከሩቅ መሆን ምን ችግር አለው ብሎ ተወው።

በዚያው ሰሞን የቋንቋው ነገር መጣ። የንግድ መኪና ሹፌር እንግሊዝኛ መናገርና የመንገድ ምልክት ማንበብ አለበት የሚለው ደንብ አሮጌ ነው፤ ከ2016 ወዲህ ግን በዚህ ምክንያት ሹፌርን ከመንገድ ማስወጣት ቀርቶ ነበር። በሚያዝያ 2025 መጨረሻ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ፈረሙ፣ ከሰኔ 25 ጀምሮ ፈተናውን የወደቀ ሹፌር እዚያው የቆመበት ይቀራል ተባለ። ፖሊሱ በእንግሊዝኛ ይጠይቅሃል፤ አስተርጓሚ የለም፣ የስልክ መተግበሪያም አይፈቀድም። ደንቡ ራሱ ከንቱ አይደለም፤ «ድልድዩ ተዘግቷል» የሚለውን ማንበብ የማይችል ሰው 36 ቶን ይዞ መሄድ የለበትም። ግን ደንብ ሲወርድ ብቻውን አይወርድም። ቻነል 19 ላይ የውጭ አነጋገር የሰማ ሁሉ ራሱን ፈታኝ አድርጎ ሾመ። የእኛ ሰው አንዴ ሚዛን ጣቢያ ላይ ተጠይቆ በሦስት ደቂቃ አልፏል። ከዚያ በኋላ ግን ማይኩን ማንሳት ቀነሰ።

በጥር ወር ዋዮሚንግ ውስጥ በሀይዌይ 80 ወደ ምዕራብ ይሄድ ነበር። ላራሚን አልፎ ወደ ሮሊንስ፣ ኤልክ ማውንቴን የሚባለው ተራራ አጠገብ። ያንን ቦታ ያለፈ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነፋሱ መሬት ላይ ያለውን በረዶ አንስቶ የመኪናህን አፍንጫ እስክታጣ ድረስ ይሸፍንሃል። ማይል 262 አካባቢ ቀይ መብራት ብልጭ አለበት። ሁለት ትራኮች ታጥፈው መንገዱን ዘግተዋል። እሱ እንደምንም ቆመ። ከኋላው ግን እንደሚመጡ ያውቃል።

ማይኩን አነሳ። ወደ ምዕራብ የምትሄዱ፣ ማይል 262 መንገዱ ተዘግቷል፣ ቁሙ፣ ቁሙ። ሦስት ጊዜ ደገመ። አንዱ «የምትለው አይሰማም» አለ። ሌላው ሳቀና «ሂድ እንግሊዝኛ ተማር» አለ። ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ ከነጩ ጭጋግ አንድ ትራክ ወጣ፤ አየው፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ በአጠገቡ ተንሸራቶ አልፎ መካከለኛው ሜዳ ላይ በረዶ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከሱ ኋላ የመጡት የሱን መብራት አይተው ቆሙ። ሰው አልሞተም።

ሜዳው ላይ የገባው ሹፌር ሰባ ያለፈው ነጭ ሽማግሌ ነው። መኪናው ስለጠፋበትና ብርዱ ስለከፋ የእኛ ሰው ካቢን ውስጥ አስገባው። ከቴርሞስ ሻይ ቀዳለት። ጎታች መኪና እስኪመጣ አራት ሰዓት ተቀመጡ። እጁ የሚንቀጠቀጠው የቱ እንደነበር ሁለቱም አያስታውሱም።

«ሬዲዮ አልከፈትክም?» ብሎ ጠየቀው የእኛ ሰው።

«ከፍቻለሁ። እንደ ትንኝ የሆነ ነገር ሰማሁ። ከሩቅ የመጣ ነው ብዬ ተውኩት።»

ይህ ቃል ነው ነገሩን የፈታው። በ27 ሜጋኸርዝ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት ድምፅ ከላይኛው አየር ነጥሮ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ቀጭንና ደካማ ድምፅ የሰማ አሮጌ ሹፌር የሩቅ ክፍለ ሀገር ሰው ነው ብሎ ያልፈዋል። ሽማግሌው ቃሉን አልሰማም እንጂ ቃሉን ሰምቶ አልናቀም። ቀና ብሎም ማይኩን አየው። «ዲ-104! አባቴ ነበረው። ውስጡ ማጉያ አለው?» የለውም። «እንዲሁ ነው ያሰርከው?» አዎ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማይኩ ልብ የሮሼል ጨው ክሪስታል ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ የላ ሮሼል መድኃኒት ቀማሚ ያዘጋጀው ጨው ሲሆን ሰው እንደ ኮሶ ሆድ ማጽጃ አድርጎ ይወስደው ነበር። ይህ ጨው ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ ድምፅ ሲነካውም እንዲሁ። የሚያወጣው ቮልቴጅ ጥሩ ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ቀጭን ምንጭ በለው፤ በጠባብ ቦይ ከመራኸው አትክልት ያጠጣል፣ ሰፊ ወንዝ ውስጥ ከለቀቅኸው የት እንደገባም አይታይ። የድሮዎቹ የቱቦ ሬዲዮዎች ጠባቡ ቦይ ነበሩ፤ መግቢያቸው በሚሊዮን ኦም የሚቆጠር። የዛሬው ሲቢ መግቢያ ከአንድ ሺህ ኦም ብዙም አይርቅም። በቀጥታ ስታስረው መጀመሪያ ወፍራሙ ድምፅ ያልቃል፣ የሚተርፈው ፉጨት ነው። ሰውየው ምላሴ ነው ያለው፣ እኩሉ ሽቦው ነበር።

እኩሉ መባሉ ለእውነት ነው። በፋብሪካው ማይክም «ምን አልክ?» ይሉት ነበር። ነገር ግን በዚያ ካቢን ውስጥ አራት ሰዓት ሲያወሩ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ናፍጣ ዋጋ፣ ሽማግሌው ስላጣት ሚስቱ፣ «ምን አልክ?» ያለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ዴንቨር ሲመለስ ማይኩን ፈታው። መቀመጫው ውስጥ ባዶ ቦታ አለ። አንድ ፌት ትራንዚስተር፣ አንድ ባለ 10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት ሦስት ሌላ ቁሳቁስ፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። ዋጋው ከአንድ ምሳ ያነሰ። ትራንዚስተሩ ድምፁን አያጎላም፤ ክሪስታሉ ሳይጫነው እንዲናገር በመካከል ቆሞ ለሬዲዮው ያስተላልፍለታል። ስታኞው ሲቀልጥ ጋሼ ትዝ አለው፤ ጋሼ ቢሆን ይህን ሳያጣራ ገመድ አይቆርጥም ነበር። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ማጉያ ጨምረው እስከ መጨረሻው መክፈታቸው ነው፤ ያኔ ድምፅህ ይጮኻል እንጂ አይጠራም።

በሚቀጥለው ጉዞ ሬዲዮ ቼክ ጠየቀ። «ጎኔ የተቀመጥክ ነው የመሰለኝ» አለው አንዱ። ቀጥሎ «ከየት ነህ?» ተባለ። ቡና እባላለሁ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ አለ። አንዱ ስለ ቡና ጠየቀው። ሌላው ወደ አገርህ ተመለስ አለው። ይኸኛውም ቃል በቃል ሰምቶታል ማለት ነው።

አሁን የቀረው ችግር ሙቀት ነው። የሮሼል ጨው 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከነካው አለቀለት፤ በሐምሌ ፀሐይ የቆመ ትራክ መስኮት ሥር ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ሲያቆም ማይኩን ነቅሎ፣ እርጥበትም እንዳያገኘው በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ታቅፎ ወደ ቤት ይገባል። ሚስቱ መጀመሪያ ቀን በር ላይ አይታ «የማን ልጅ ይዘህ መጣህ?» ብላዋለች። ቦታ የሰጠችው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ጋር ነው።