ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር

ፒዛ የሚያደርስ ሰው ሥራው ሞተር መንዳት ይመስላል። ጅማ ላይ ግን መንዳቱ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ሰው መፈለግ ነው። የቤት ቁጥር ነግሮኝ ያዘዘ ደንበኛ ትዝ አይለኝም። «መንቲና ስትደርስ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ይሉሃል። ትደርሳለህ፤ ሰማያዊው በር ሦስት ነው። ትደውላለህ፤ አይነሳም። ሰፈር ውስጥ የሚጫወት ልጅ ትጠይቃለህ፤ ልጁ ደግሞ «የእነማን ቤት?» ብሎ መልሶ ይጠይቅሃል። ያዘዘው ተከራይ ነው፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ባለቤቶቹን። የባለቤቶቹን ስም ደግሞ ተከራዩም በቅጡ አያውቀውም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አይብ በዚህ መሀል እየረጋ ነው።

ይህን ሥራ ስጀምር ከተማዬን የማውቅ መስሎኝ ነበር። የማውቀው ፈረንጅ አራዳን፣ መርካቶን፣ አጂፕን፣ የጅሬንን ዳገት ነው፤ እነዚህን ማንም ያውቃል። ፒዛው ራሱ ከየት መጣ? ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገብቶ በ1933 እስኪወጣ ድረስ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበርና አንዳንዱ ሰው ፒዛውንም ያኔ የተተከለ ያስመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። የማኪያቶውን ምስጋና ጣሊያኖቹ ይውሰዱ፤ የእኛን ፒዛ ግን ያቆመው የተማሪና የመምህር ኪስ ነው። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ከየክልሉ የመጣ ወጣት ከተማውን ሞልቶታል። ልደት ነው፣ ምርቃት ነው፣ ፈተና አለቀ ነው፤ ስልኩ ይጮሃል።

በስልክ የሚጠየቀው ጥያቄ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከዋጋው ቀድሞ «ሥጋው የማን ነው?» ይመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቃል፤ የሁለቱም መብት ነው፤ እኔም ሳላጣራ አልመልስም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ፒዛ ይበዛል፦ አይብ የሌለው፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ እንጉዳይ። ጣሊያን ቢያየው ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን ትኩስ ከሆነ አይብ ካለው አስበልጠዋለሁ። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ ይውልና ወደ መግሪብ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዝዛል፤ ሁሉም ከአዛኑ በፊት እንዲደርስለት ይፈልጋል። የተቀላቀለ ጓደኛ ሲሰበሰብ የሚታዘዘው ግን ያው የአትክልቱ ነው። ማንንም አያስቀርም።

ቡና ሲደርስ ሥራው መልኩን ይቀይራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከአጋሮ ሳይቀር ይደወላል። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞተር ወስደህ የምታተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ ገንዘቡ በስልክ ይገባል፣ ፒዛው መናኸሪያ ይወሰዳል፣ ለሚኒባሱ ረዳት ይሰጣል። «ወንድሜ፣ አደራ፣ ምንም እንዳትደርብበት» ትለዋለህ። እሺ ይላል፤ ከላዩ ላይ ምን እንደሚጫን ግን ፈጣሪ ያውቃል። እዚያ ተቀባዩ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቤት ወስዶ በብረት ምጣድ ያሞቀዋል። አንዱ የቡና አቅራቢ ልጅ «ሲሞቅ ይሻላል» ብሎኝ ያውቃል፤ ለማጽናናት ይሁን እውነቱን እንጃ። ጥር ሲገባ ስልኩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የከተማው ኪስ ከእሸት ቡናው ጋር ነው የሚሞላውና የሚጎድለው። ያንን ቀይ ቡና ፍሬ በፍሬ የለቀሙት እናቶች ግን ፒዛ ሲያዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ገደማ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ ሲባል ጉድ ብለን ነበር። በ2017 ዓ.ም. 101 ብር አለፈ። ይህ የማደያው ዋጋ ነበር፤ ማደያው ሲደርቅ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው የራሱ ዋጋ አለው። የማድረሻ ክፍያው ግን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ አልሮጠም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ መልስ የመፈለግ ጣጣ ቀርቷል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በምትኩ በር ላይ ቆሞ «ገባልህ?» «አልገባም» መባባል መጥቷል። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ዶፉን ቆመህ ትቀበለዋለህ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ሳሙና ነው።

«ቶሎ በል» የሚለኝ ሰው ሁሉ ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ ዶሚኖስ የሚባለው የፒዛ ኩባንያ «በ30 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል» እያለ ዋስትና ይሰጥ ነበር። አንድ አድራሽ በፈጠረው የመኪና አደጋ የተጎዳች ሴት ከሰሰች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ኩባንያው ከ78 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ፤ ዋስትናው በዚያው ተነሳ። ያን ያህል ገንዘብ እንኳ የተፈረደው ለአድራሹ አይደለም። እኛ ጋ ደግሞ የተጻፈ ዋስትና የለም፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው የደንበኛው ሆድ ነው።

አዲስ አበባ ዴሊቨር አዲስን የመሳሰሉ ምግብ አድራሽ ድርጅቶችን ካወቀች ዓመታት አልፈዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ ሞተርን ስታግድ ፈቃድ ያላቸው የዕቃ አመላላሾች ተለይተው እንዲሠሩ ተደረገ። ዩኒፎርምና መታወቂያ ያለው ልጅ ቢያንስ ከኋላው የሚጠራ ስም አለው። የእኔ ቢጤ ግን ሞተሩ የራሱ፣ ቤንዚኑ የራሱ፣ መውደቁም የራሱ ነው። ደንበኛ ስልኩን ዘግቶ ፒዛው ሲመለስ ዋጋውን ከአድራሹ ላይ የሚቆርጥ ቤት አለ። እኔም ተቆርጦብኛል። ስሙን አልጠራም፤ ግን ነውር ነው። ያላዘዝኩትን፣ ያልበላሁትን ፒዛ ከፍዬ አድሬያለሁ።

ስለዚህ ለባለቤቶች፦ የቤንዚኑን ወጪ ከደመወዙ ለዩት፣ የተመለሰ ፒዛም የአድራሹ ዕዳ አይሁን፤ ቅድመ ክፍያ መቀበል ትችላላችሁ። ለደንበኞች፦ ስታዙ ከመስጊዱና ከበሩ ቀለም በተጨማሪ የአከራያችሁን ስም ንገሩን፣ ፒዛው እስኪደርስም ስልካችሁ ከእጃችሁ አይለይ።