ሳሉግ የወል ስም ነው

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለጀማሪ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ስም በሁለት የሚከፈል መሆኑን ነው። ለአንድ ዓይነት ነገር ሁሉ በጋራ የሚነገረው የወል ስም ይባላል፤ አንዱን ሰው ወይም አንዱን ስፍራ ከመሰሎቹ ለይቶ የሚጠራው ደግሞ የተጸውዖ ስም ይባላል። ወንዝ የወል ስም ነው፤ ጓንግ የተጸውዖ ስም ነው። ንጉሥ የወል ስም ነው፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር በተደረገው የመተማ ጦርነት ቆስለው ያረፉት ዐፄ ዮሐንስ ግን አንድ ናቸው፤ የጠረፉም ከተማ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ይባላል። እንግሊዞች ይህ ልዩነት ለዓይን እንዲታይ የተጸውዖን ስም የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ ይጽፉታል።

ይህን ትምህርት በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሌለው መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ «ገንዳ ውሃ አደርሁ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ ብሰጣቸው፣ አንዱ ልጅ «ሌሊቱን ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ አሳለፍሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ገንዳ ውሃ የዞናችን ዋና ከተማ መሆኗን የማያውቅ አልነበረምና። ልጁ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ሁለቱ ቃላት ሲጻፉ ከተማና ገንዳ የሚለይ ምልክት የላቸውም። «ተስፋ መጣ» ቢባልስ፣ የመጣው የልብ ተስፋ ነው ወይስ ተስፋ የሚባል ሰው? እንግሊዝኛውም ቢሆን በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አይረዳንም፤ እዚያ ቦታ ላይ ማንኛውም ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራልና።

ሆኖም አማርኛ ከነጭራሹ መለያ የለውም ማለት አይደለም። ወንዝ ሲበዛ ወንዞች ይሆናል፤ አበበ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲመጣ ግን «አበበዎች መጡ» አንልም፤ «እነ አበበ መጡ» እንላለን እንጂ። «እነ» የምትለው ትንሽ ቃል ስም ላለው ሰው የተጠበቀች ክብር ናት ማለት ይቻላል።

የወል ስም አድጎ የተጸውዖ ስም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ድንበሩን ስንሻገር የምናገኛት ሱዳን ስሟ የመጣው የጥንት ዐረቦች «የጥቁሮች አገር» ብለው ከጠሩት ነው። የሚያሳዝነው የተገላቢጦሹ ነው፤ ይኸውም ባለ ስሙ ሰው ወርዶ የወል ስም ሲሆን ነው።

ክረምት ሲገባ ሰሊጡን ለማረም፣ መስከረም ሲጠባም ለማጨድ፣ ከደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ መተማና ወደ ቋራ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሰው አገሩ በአንድ ቃል ሳሉግ ይለዋል። ደገኛው ቆላ ሲወርድ ወባ ይጠብቀዋል፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ይጠብቀዋል።

አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለአንድ ባለ እርሻ ዘመዴ የሠራተኞቹን ደብተር እይዝለት ነበረ። ሰዎቹ አርባ ነበሩ፤ እኔም ለሒሳብ ይቀለኛል ብዬ «ሳሉግ 1፣ ሳሉግ 2» እያልሁ እስከ 40 ጻፍኋቸው። በነሐሴ አጋማሽ 14ኛው በትኩሳት ወደቀ። በትራክተር ጭነን ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ራሱን አያውቅም ነበረ።

ነርሷ ካርድ አውጥታ፣ «መምህር፣ የታማሚው ስም ማን ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከአፌ ቀድሞ የወጣው፣ «ሳሉግ ነው» የሚል ነበረ።

«እሱማ የሁሉም ስም ነው፤ እኔ የጠየቅሁዎ የእርሱን ነው» አለችኝ።

ዘወር ብዬ ጓደኞቹን ብጠይቃቸው፣ «እኛስ በለሴው ነው የምንለው» አሉኝ። በለሳ ሰፊ አገር ነው፤ ክፉ ቢመጣ ለየትኛው ቤት ይረዳል? ለልጆች ስምን በሁለት እየከፈልሁ የማስተምር ሰው፣ ከፊቴ ስለ ተኛው ሰው የማውቀው የወሉን ብቻ ነበረ። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል በተማሪ ፊት ተሳስቼ እንኳ አፍሬ አላውቅም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ «ወንድሜ፣ ስምህ ማን ነው?» አልሁት። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ቀበሌውንም ከነአጥቢያው ደብር ቆጥሮ ነገረኝ። ከዚያም፣ «እዚህ ከወረድሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ መምህር» አለኝ። ስሙን ለመጽሔት አወጣዋለሁ ብዬ ፈቃዱን አልጠየቅሁትምና እዚህ አላነሣውም፤ እናቱ ግን አስባ ያወጣችለት መልካም ስም ነው።

እርሻው ስመለስ ደብተሩን እንደ ገና ጻፍሁት። በየቁጥሩ ፊት ስም ከነአባት፣ አገር፣ ዘመድ ቢፈለግ የሚጠራ ሰውም ገባበት። ሥራው የፈጀብኝ አንድ ምሽት ብቻ ነው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሱዳን ጦርነት ያባረራቸው ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ሲገቡ ደግሞ ሌላ የወል ስም በአፋችን ተለመደ፤ ስደተኛ። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ሳሉግም ውሸት አይደለም። የወል ስም ባይኖር ኖሮ መነጋገር ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን ማንም እናት ልጇን ሳሉግ ወይም ስደተኛ ብላ አላወጣችም። እንግሊዞች ለተጸውዖ ስም ትልቅ ፊደል ሰጥተውታል፤ እኛ ትልቅ ፊደል ስለሌለን ክብሩን በመጠየቅ እንስጠው። «ስምህ ማን ነው? ስምሽስ?» ማለት ዋጋ አያስከፍልም።