እናቴን ባሕር ለማሳየት

ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ተቀብዬ አቁሜያለሁ፤ የራሴን ቤተሰብ ግን በመኪና ይዤ አንዲት ሌሊት እንኳ ከከተማ ውጭ አድሬ አላውቅም ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ኑሮውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ሰዓት ይገኛል፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ አለ፤ “በሚቀጥለው ዓመት” እየተባለ ልጅ ያድጋል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ወር ላይ እናቴ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀን መጣች። ሦስት ወር ልትቆይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ወሰድኳት፤ ከ2002 ጀምሮ ከተማው “ሊትል ኢትዮጵያ” ብሎ ወደ ሰየመው ሰፈር። ቡና እየጠጣን ሳለ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችና፣

“ባሕሩ በየት በኩል ነው?” አለችኝ።

በእጄ ወደ ምዕራብ አሳየኋት።

“ሩቅ ነው?”

እኔ መልስ ስፈልግ ልጄ ቀደመችኝ። “አያቴ፣ አሥር ማይል ቢሆን ነው! በፍሪዌይ ቀጥ ብሎ ነው።” እናቴ ምንም አላለችም። ከመጣች አምስተኛ ሳምንቷ ነበር።

ለምን እንዳፈርኩ እንዲገባችሁ ስለ አባቴ ትንሽ ልንገራችሁ። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከወደቡ ጭኖ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ እኛ ዘንድ ያድርና ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ስለ አሰብ ሙቀት፣ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ባሕሩ ስፋት ሲያወራ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ውኃው ጨው ነው ሲል እናቴ አታምነውም። “የሹፌር ወሬ ነው” ትላለች። “በሚቀጥለው ዓመት ወስጄ አቀምስሻለሁ” ይላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲፈነዳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። አባቴም በዚያው ሰሞን ከመሪው ወረደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፈ። እናቴ ባሕር ሳታይ ሰባ ዓመት አለፋት።

ያን ምሽት ቤት እንደገባሁ ማቀድ ጀመርኩ። እልህ ይዞኛል። በነጋታው ወስጄ ሳንታ ሞኒካን ባሳያት በቂ ነበር፤ እኔ ግን የአሥራ ሁለት ዓመቱን በአንድ ጉዞ ላካክስ አማረኝ። በባሕሩ ጠርዝ በሚሄደው ሀይዌይ አንድ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሞንተሬ ወጥተን፣ ገደሉ ላይ የተሠራውን የቢግ ሰርን መንገድ አይተን፣ በ1932 ተሠርቶ ያለቀው የቢክስቢ ድልድይ ላይ ፎቶ ተነሥተን ልንመለስ ነው። አምስት ቀን፣ ዐሥራ አራት ማረፊያ። ሁሉንም በሰዓት ከፋፍዬ ጻፍኩትና ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት።

ባለቤቴ አይታው “ጥሩ ነው” አለች። ባለቤቴ “ጥሩ ነው” ብላ ዝም ካለች ጥሩ አይደለም ማለት ነው።

ዕቅዱን መጀመሪያ ያፈረሰችው ልጄ ናት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በነሐሴ ሌላ ስቴት ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ነው፤ ስለዚህ ይህ ጉዞ ለእሷም አብረን የምንወጣው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል ብዬ በሆዴ አስቤያለሁ። ስልኳን አውጥታ “አባዬ፣ መንገዱ እኮ ዝግ ነው” አለችኝ። እውነቷን ነው። በቢግ ሰር በኩል ያለው መንገድ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በመሬት መንሸራተት ተቆርጦ ነበር። ለዚያ መንገድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ2017 የተናደው ተራራ መንገዱን ቀብሮት እስከ 2018 ሰመር ድረስ አልተከፈተም። እኔ ግን የድልድዩን ፎቶ እንጂ የመንገዱን ሁኔታ አላየሁም። መኪና ይዛችሁ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ከስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት፣ ከካልትራንስ፣ አረጋግጡ።

“በ101 ዞረን እንገባለን” ብዬ ተከራከርኩ። ያን ጊዜ እናቴ ከሶፋው ላይ፣

“ስንት ቀን መኪና ውስጥ ልታስቀምጠኝ ነው?” አለች። “አባትህም የሚነግረኝ ስለ መንገዱ ነበር። ባሕሩን አላየሁትም።”

ወረቀቱን አነሣሁት።

እናቴ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ እንኳ የሀረጎን ጥምዝምዝ በሎሚ የምታልፍ ሰው ናት። ሎሚውን በእጇ ይዛ እያሸተተች፣ ዐይኗን ጨፍና። ጉልበቷም ያማታል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ በገደል ላይ ሙሉ ቀን ልነዳት ነበር።

ሁለተኛውን ዕቅድ አራታችን ቁጭ ብለን አወጣነው። አንዲት የባሕር ከተማ እንምረጥ፤ እዚያው ሦስት ሌሊት እንደር፤ ዕቃ በየቀኑ አንጫን፤ የቀረውን በአጭር በአጭሩ እየነዳን እንይ። ከተማዋ ሳንታ ባርባራ ሆነች። ከዳውንታውን 95 ማይል ገደማ ናት፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ልጄ በባቡርም እንደሚኬድ፣ ከዩኒየን ስቴሽን የሚነሣው ባቡር ባሕሩ አጠገብ እንደሚያወርድ ነገረችን። ለእናቴ ጉልበት ግን መኪናው ይሻል ነበር።

ገንዘቡን ያተረፍነው በቀን ምርጫ ነው። በሰመር ቅዳሜና እሑድ የባሕር ዳር ሆቴሎች ዋጋ አይቀመስም፤ ማክሰኞ ገብቶ ዓርብ መውጣት ግን ልዩነት አለው። ሞቴሉንም ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ጎሊታ ያዝን፤ ማይክሮዌቭና ትንሽ ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል። ጊዜው የሰኔ ጾም ስለነበር ባለቤቴ የምስር ወጥና ሽሮ ሠርታ በየዕቃው አደረገች፤ እኔ ከፌርፋክስ እንጀራ ገዛሁ፤ ዳቦ ቆሎው ከእናቴ ሻንጣ ወጣ። ሎሚ አልረሳንም።

ፈቃዱን በማግኘት በኩል ዕድል ረዳኝ፤ ዕድል ከተባለ። በዚያ ሰኔ ዳውንታውን ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል የሰዓት እላፊ ታውጆ ነበርና ሥራው ቀዝቅዟል። አለቃዬ አራት ቀን ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ መጨናነቅ በኋላ ተነሣን። ቬንቱራ ስንደርስ ባሕሩ በግራ በኩል መታየት ነበረበት። አልታየም። ሰማዩና ባሕሩ አንድ ግራጫ ግድግዳ ሆነዋል። ለካስ ሰኔ ነው! ዳርቻው በግንቦትና በሰኔ ጠዋት ጠዋት በጉም ይሸፈናል፤ የአካባቢው ሰዎች “ጁን ግሉም” ይሉታል። የምሠራበት ዳውንታውን ከባሕሩ ራቅ ስለሚል ጉሙ ቶሎ ይገለጥለታል፤ እኔም ለአሥራ ሁለት ዓመት የማውቀውን ነገር ማቀጃ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። ሰው ባሕሩን ለማየት ብሎ ከመጣ መስከረም ወይም ጥቅምት ይሻለዋል፤ እኛ ግን የእናቴ የመመለሻ ቲኬት ሐምሌ ላይ ነበር።

ስተርንስ ወርፍ የሚባለው የእንጨት ወደብ በ1872 የተሠራ ነው። መኪና ይዞ መግባት እንደሚቻል አንብቤ ስለነበር ለእናቴ ጉልበት ብዬ መርጬዋለሁ። ጎማው እንጨቱን ሲረግጥ መንኳኳት ሲጀምር እናቴ የበሩን እጀታ ያዘች። “በስመ አብ! መኪና ይዘህ ባሕር ላይ?” የፓርኪንግ ቲኬቱን ስቀበል የሰጠኝን ልጅ ሥራ ሳላስበው ገመገምኩት፤ ልማድ ነው።

ጫፉ ላይ ቆምን። ከሐዲዱ ወዲያ ነጭ ነው። ሰዓቴን አየሁ። ስልኬን አየሁ። እናቴ ግን ነጠላዋን ጠቅልላ አዘንብላ ታዳምጣለች።

“ይኼ ድምፁ ነው?”

“አዎ፣ እማዬ።”

“እንግዲያው አለ። እስኪገለጥ እንጠብቃለና፤ የት እንሄዳለን?”

ያን ቀን አልተገለጠም።

እስኪመሽ ምን እናድርግ ስንል ልጄ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለ አንድ ዛፍ ወሰደችን። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ቀና ስትል ድምፅዋ ተቀየረ። “ዋርካ! ይኼ እኮ ዋርካ ነው!” ሥሩ እንደ ግንብ ከመሬት በላይ ቆሟል፤ ጥላው ለሠርግ ድንኳን ይበቃል። ልጄ ከሰሌዳው እያነበበች በአማርኛ ለመተርጎም ታገለች። ዘሩ የአውስትራሊያ ነው፤ ችግኙን አንድ መርከበኛ ለአንዲት ልጅ ሰጣት ይባላል፤ የተተከለው በ1876 ነው። በእርግጥም ከእኛ ዋርካ ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ የሾላ ዘመዶች። እናቴ ሥሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ኮምቦልቻ ዋርካ ሥር ስለሚደረግ ሽምግልና ለልጄ ትተርክላት ጀመር። ልጄ ያልገባትን ቃል ታስቆማታለች፤ እናቴ በሌላ ቃል ትመልስላታለች። ሁለት ሰዓት አለፈ። በመጀመሪያው ዕቅዴ ላይ በዚያ ሰዓት ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ነበርን።

ረቡዕ ጠዋትም ጉም ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል፤ ባሕር አጠገብ አምጥቼ ባሕር ሳላሳያት ልመልሳት ነው እያልኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከወርፉ በስተምሥራቅ ባለው አሸዋ ዳር ምሳችንን እየበላን ሳለ ፀሐይዋ ጀርባችንን ሞቀችው። ከዚያ ጉሙ መጋረጃ እንደሚሳብ ወደ ኋላ ሸሸ። መጀመሪያ ማዕበሉ፣ ከዚያ ጀልባዎቹ፣ በመጨረሻ ሩቅ ያሉት ደሴቶች። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች።

“ውሰዱኝ” አለች።

አሸዋው ለጉልበቷ ከባድ ነበር። ልጄ በቀኝ፣ እኔ በግራ ደገፍናት። ጫማዋን አወለቅንላት። ማዕበሉ ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት “እሪ” ብላ ሣቀች፤ እናቴ እንዲህ ስትሥቅ መቼ እንደሰማሁ አላስታውስም። ጎንበስ ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም። ልጄ በእፍኟ ቀዳችላት። እናቴ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው፤ ፊቷን አጨማደደች፤ እንደገና ነክራ ቀመሰችው። ምንም አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅናትም።

ሐሙስ ወደ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ወጣን። ሳንታ ባርባራን ነጭ ግድግዳና ቀይ ጣሪያ ብቻ ያደረጋት ሰኔ 29 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ከተማዋ ፈርሳ በስፔን አሠራር ታነጸች። ይህ ሕንፃ በ1929 ተጠናቀቀ። እኛ የወጣነው መንቀጥቀጡ መቶ ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። የሰዓት ማማው ሊፍት አለው፣ መግቢያው ነጻ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጀምበር ባሕሩ ውስጥ ስትጠልቅ ለማየት ግን አትጠብቁ። ዳርቻው እዚህ ጋ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው፤ በሰመር ፀሐይዋ ከተራራው በኩል ትገባለች። ልጄ ለዚህ ብላ የገዛችው ቀሚስ ነበር፤ ሌላ ቀን ትለብሰዋለች።

ዓርብ ስንመለስ ሆን ብዬ በማሊቡ በኩል ነዳሁ። ወደ ደቡብ ሲነዳ ባሕሩ በቀኝ፣ በእናቴ መስኮት በኩል ነው። በጥር በተነሣው የፓሊሴድስ እሳት ምክንያት ያ መንገድ ተዘግቶ የተከፈተው በግንቦት ነበር። ጭስ ማውጫቸው ብቻ የቀረ ቤቶች በተርታ አለፉ። እናቴ ሎሚዋን ይዛ አማተበች፤ ስንት ሰው ይኖርበት እንደነበረ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ እስከ ሳንታ ሞኒካ ፊቷን ከባሕሩ አላነሣችም።

ፌርፋክስ ላይ ለእሑድ የሚሆን እንጀራ ልንገዛ ወረድን። እናቴ ኮምቦልቻ ላለችው እኅቷ ካልደወልኩ አለች። በኮምቦልቻ ሌሊት ነው ብላትም አልሰማችኝም። መኪናው ውስጥ ሆና በስልኩ ላይ ጮክ ብላ ዐሥር ደቂቃ ያህል ስለ ዋርካው አወራች፤ ሥሩን፣ ጥላውን፣ የልጄን አማርኛ። እኅቷ ትዕግሥቷ ሳያልቅ አልቀረም፤ “ባሕሩስ?” ስትል ለእኔም ተሰማኝ።

“ባሕሩማ አለ” አለች እናቴ። “ቀመስኩት። ሰውዬው አልዋሸኝም።”