በማይሳቅበት የሳቅኩ ዕለት

መቼም ባሕር ዳር መጥቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ጣና ዳር ፎቶ ተነስቶ ብቻ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። ባሕር ዳር የምትታወቀው ሲመሽ ነው። (እናቴ ይህን እንዳታነብ አደራ!)

በ2014 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሽምብጥ አካባቢ አንዲት ጠባብ አዝማሪ ቤት ገባን። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዱካዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ መድረክ የሚባል ነገር የለም። አዝማሪዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ማሲንቆ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች፣ ሁለቱም ሰው ይሰድባሉ። የቤቷ ባለቤት እንደነገረችን በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ቤት ያዳርሳሉ፤ ሠርግና ክርስትና ሲኖር ደግሞ ባጃጅ ተሳፍረው ከከተማ ይወጣሉ። ዘፋኞቻችን "ቱር ላይ ነኝ" የሚሉት ይሄንኑ አይደል?

ስድቡ ከራሳቸው ይጀምራል። ባል፦

ሚስቴ ስትዘፍን ድምጿ ማር ነው ማር፣
ቤት ስንገባ ጊዜ ንቡ ነው ችግር።

ሚስት ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፦

ማሲንቆው ባንድ ጭራ አገር ያስጨፍራል፣
ባለቤቱ ደግሞ ባንድ ሱሪ ይኖራል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በነገራችን ላይ ማሲንቆ እውነትም ያለው አንድ ጭራ ብቻ ነው። የፈረስ ጭራ። በዚያችው ትዝታውንም፣ ባቲውንም፣ አምባሰሉንም፣ አንቺ ሆዬውንም ያወጡበታል። ፒያኖ 88 ቁልፍ ይዞ ምን እንደሚያካብድ አላውቅም።

ከዚያ ወደኛ ዞሩ። አንዱ ጓደኛዬ "ተቀበል!" ብሎ ስሜን አሳልፎ ሰጠ። አለቀልኝ።

ባለ መነጽሩ ያየኛል አጥርቶ፣
ብር ሲባል ጊዜ ዓይኑ ጠፋ ከቶ።

ምን ላድርግ? ተነስቼ አስር ብር ግንባሯ ላይ ለጠፍኩ። ያኔ ነው ባልየው ጨዋታውን ሳያቋርጥ ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ያላት። አዝማሪዎች እርስ በርስ ብቻ የሚግባቡበት ቋንቋ አላቸው። አማርኛ ይመስላል፣ ግን ጆሮህን ብታቆም ምንም አይገባህም። ያወራው ስለ አስር ብሬ ነበር።

እኔ ሳቅኩ።

ማሲንቆው ቆመ። ሁለቱም አፈጠጡብኝ።

ቃሉን የማውቀው ከአያቴ ነው። የእናቴ አባት ጎንደር አጠገብ ካለችው የአዝማሪዎች መንደር፣ ከቡርቧክስ ናቸው። ቤታችን ያለችው አንዲት ፎቷቸው በግራ በኩል በመቀስ ተቆርጣለች። የተቆረጠው ማሲንቆው ነው። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ "አባቴ ነጋዴ ነበሩ" ትላለች። አልፈርድባትም። ልጅ እያለች ትምህርት ቤት "የአዝማሪ ልጅ" ሲሏት እያለቀሰች ትመለስ ነበር። እኔም ነጋዴውን አያት ወርሼ አደግሁ።

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ከ"ዘመረ" የወጣ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገር ሲይዝ ሕዝብ በግጥም ያነሳሳሉ ብሎ አዝማሪዎችን ገድሏል። ቻርለስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ደግሞ ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ፣ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር ተጫውቶ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካን በማሲንቆ ዞሯል። ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ የተሸከመውን እኛ ከፎቶ ላይ ቆረጥነው።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?" አለኝ ባልየው። በቁጣ እንዳይመስላችሁ። ፊቱ በርቶ ነበር፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

ሦስቱ ባልደረቦቼ ያዩኛል።

"ኧረ የማንም! ፊልም ላይ ሰምቼ ነው" አልኩ።

የፊቱ ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። ምንም አልመለሰም፤ ማሲንቆውን አስተካክሎ ቀስ ብሎ ጀመረ። እሷ ግን ማን ትተዋለች? እኔን ሳታይ፣ በሩን እያየች፦

ጣና ላይ ተኝቶ ስሙን ቢደብቀው፣
ባሕር ዳር ሲወጣ አባይን ሰው አወቀው።

ጓደኞቼ ስለ ወንዙ መስሏቸው አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። አንደኛው በሞባይሉ ቀርጾት ኖሮ በማግስቱ "ስለ አባይ የተገጠመ ምርጥ ግጥም" ብሎ በቴሌግራም ላከልኝ። እስካሁን አላጠፋሁትም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ ባሕር ዳር ላይም ሰዓት እላፊ ተጣለ። ሌሊት ለሚሠራ ሰው ሰዓት እላፊ ማለት እንጀራ መዘጋት ነው። በኋላ ሄጄ ያችን ቤት ስፈልግ በሯ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ጎረቤት ያለው ሱቅ "አዲስ አበባ ሄደዋል መሰለኝ" አለኝ። አዲስ አበባም ብትሉ፣ ካዛንቺስ ከነአዝማሪ ቤቶቹ በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። የት ብዬ ልጠይቅ?

ባለፈው ወር እናቴ ቤት ሄጄ ፎቷን ከሳጥን አወጣኋት። "ምን ልታደርጋት ነው?" አለችኝ። "ላስፍማት ነው" አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ "ማሲንቆው እኮ ትልቅ ነበር" አለችኝ፤ በእጇ እየለካች።

እና እናንተ ሌሊት የምትወጡት፣ ስለ ባሏ ሱሪ የምትዘፍን ሴት የሆነ ቦታ ካጋጠመቻችሁ፣ አስር ብር እንዳትለጥፉባት። መቶ አድርጉት። ከዚያ "ተቀበል!" በሉና፣ ያ ባለ መነጽር የቡርቧክስ የልጅ ልጅ ነው በሉልኝ።