በክረምት ያሰብነው የተራራ ጉዞ

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ፣ በጾሬ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ልጆቼ የክረምት ዕረፍት ተሰጥቷቸው ወደ ቤት ገቡ። በዚያው ምሽት ታላቁ ልጄ፣ «አባባ፣ የአያታችንን ተራራ መቼ ነው የምናየው?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነበርና መልሴን ለመስማት ቀና አለች። እኔም እንደ ልማዴ፣ «እስቲ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እናያለን» አልሁ። እናቴ ምንም ሳትናገር ዓይኗን ወደ እሳቱ መለሰች።

የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ቀጠሮ መጻፍ የዕለት ሥራዬ ነው። ባለጉዳዮች ጉዳያቸው ሲጓተት የሚያሳዩትን ፊት አውቀዋለሁ። በዚያ ምሽት ያንኑ ፊት በገዛ ቤቴ አየሁት።

እናቴ የላስታ ሰው ናት። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በጸና ጊዜ፣ መንግሥት ብዙ ሕዝብ ወደ አሶሳ አገር ሲያሰፍር፣ እኔን የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ተነሥታ መጣች። ከዚያ ወዲህ ያን ተራራ አላየችም። አስቀድሞ ትምህርቴን ልጨርስ አልሁ፤ ቀጥሎም ገንዘብ ላጠራቅም አልሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን እውነተኛ ምክንያትም ቢሆን የእናትን ዕድሜ አያቆምም።

በነጋታው ከባለቤቴ ጋራ ተቀምጠን ጉዞውን በወረቀት ማሰብ ጀመርን። መጀመሪያ የገጠመን የወራቱ ነገር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሰዎች በሐምሌና በነሐሴ ወደ ተራራ ሄደው እንደሚያርፉ ይተርክ ነበር፤ መምህራችንም ያን ወራት «በጋ» ብሎ ተረጐመልን። ከቄስ ትምህርት ቤት የያዝሁት ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 መሆኑ ነው። ስለዚህ የአውሮጳ ሰው በጋ የሚለው ወራት በእኛ ደጋ ጉም የሚተኛበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ የእግር መንገድ የሚያዳልጥበት ነው። የልጆቹ ረጅም ዕረፍት የሚውለውም በዚሁ ወራት ነው።

ሁለተኛው የከፍታው ነገር ነው። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ነው፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ነው፤ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ግን ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ብርዱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ ጫፉ ከቤታችን ይልቅ በ17 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። አየሩም እጅግ ሳስቶ ከባሕር ዳርቻው ስድስት ዐሥረኛ ብቻ ይሆናል። አርባ ዓመት በቆላ የኖረች አሮጊት ይህን በአንድ ቀን ልትለምደው አትችልም።

ይህን ለእናቴ ባስረዳኋት ጊዜ ሣቀችብኝ። «ልጄ፣ ጫፉንማ በልጅነቴም አልወጣሁት። እኔ የምሻ ከምንጩ ውሃ መጠጣትና ልጆችህ አያታችን ከዚህ ናት እንዲሉ ነው» አለችኝ። በጾሬ የሱዳን ስደተኞች መጠለያ አለ፤ እናቴ ከዚያ የመጣች አንዲት አሮጊት በገበያ ታውቃለች። ቋንቋቸው ባይገናኝም ያች እጇን ወደ ምዕራብ፣ እናቴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየዘረጉ አገራቸውን ሲያሳያዩ አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ቈረጥን። ጉዞው በክረምት አይሆንም፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲያገኙ፣ ሰማዩም ጥርት ሲል በጥር ይሆናል። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን እንሄዳለን። ገንዘቡ ለሁላችን ስለማይበቃ ባለቤቴ በፈቃዷ ለሌላ ጊዜ ቀርታለች። በላሊበላ ሦስት ቀን ዐርፈን ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ተሳልመን፣ እናቴን ቀስ ብለን ወደ ተወለደችበት መንደር እናደርሳለን። ልጆቹ ከመንገድ መሪ ጋራ እስከሚችሉት ድረስ ወጥተው ጭላዳውንና ጅብራውን፣ ቢቀናቸውም ቀይ ቀበሮውን ያያሉ። ይህ ክረምት ደግሞ የመሰናዶ ይሁን ብለን፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር እናቴ ከልጆቹ ጋራ በጠዋት እየተራመደች እግሯን ታፍታታለች።

እናቴ ግን ጥር የሚለውን ስትሰማ ዝም አለች፤ ሌላ ቀጠሮ መሰላት። ስለዚህ ወረቀት አንሥቼ፣ «ጉዞው በጥር ይሆናል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሌላ ቀጠሮ አይሰጥም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁበት። ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። እርሷም ወረቀቱን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ተራራ ጊዜውን ጠብቆ ይታያል፤ ባለፈውም ዘመን ነበረ፣ በሚመጣውም ይኖራል። ተራራውን የምታሳየን እናት ግን እንደ ተራራው አይደለችምና፣ ቀን እንቍረጥላት።